ማታ ቆሞ ጠዋት የተጋደመ ችግኝ፦ ቆራጭ ትልን በየዕድሜው መለየት

ባለፈው ኅዳር አዘዞ ባለችው ጓሮዬ 36 የቲማቲም ችግኝ ተከልኩ። ማታ ውኃ አጠጥቼ ገባሁ። ጠዋት ወጥቼ ሳይ አምስቱ ጠፍተዋል። አራቱ መሬት ላይ ተጋድመዋል። ቅጠላቸው አልተበላም፣ ሥራቸው አልተነቀለም። ግንዳቸው ብቻ ከአፈሩ እኩል ተቆርጧል፤ በምላጭ የተደረገ ነው የሚመስለው። አምስተኛው ጭራሽ የለም። የነበረበት ቦታ ላይ ከአፈር ውስጥ የቅጠል ጫፍ ብቅ ብሎ ይታያል።

ጎረቤቴ እማማ በአጥሩ በኩል አይተው «በአርባ አራቱ ታቦት! ይሄማ የሰው እጅ ነው» አሉ። «ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?»

ከማንም አልተጣላሁም። ያቺ የቅጠል ጫፍ ያለችበትን አፈር ሁለት ጣት ያህል ጫር ጫር ሳደርግ አንድ ወፍራም፣ ጥቁር ግራጫ ትል ተጠቅልሎ ተኝቶ አገኘሁ። የጎተተው ግንድ አጠገቡ ነው። እማማ ጠጋ ብለው አዩትና «ይሄ ሰነፍ?» አሉ።

አዎ፣ ይሄ ሰነፍ። ቀን ሲያዩት እንቅልፋም ነው። ሥራው ሌሊት ነው።

ስሙ ቆራጭ ትል ነው። ቆርጦ ጣይ የሚሉትም አሉ። አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ዘመድ አለው። በእኛ አገር ማሳ ላይ ስማቸው ከሚነሳው መካከል ሁለቱ አግሮቲስ ኢፕሲሎን እና አግሮቲስ ሴጌተም ይባላሉ። መጀመሪያ የጠቀስኩት ኢፕሲሎን የሚለውን ስሙን ያገኘው በፈረንጆቹ 1766 ነው። ያኔ እዚህ ጎንደር ዙፋኑ ላይ የነበሩት አፄ ኢዮአስ ናቸው፤ አያታቸው እቴጌ ምንትዋብም በሕይወት ነበሩ። የቁስቋም ጓሮ አትክልትም ያኔ ይቆረጥ እንደሆነ እንጃ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ መለኪያ በአብዛኛው የዚሁ የኢፕሲሎን ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙዎቻችን ይህን ተባይ የምናውቀው በአንድ መልኩ ብቻ ነው፤ በዚያ ወፍራም ትል። እሱ ግን አራት መልክ አለው። እንቁላል ሆኖ ቅጠል ላይ ይቀመጣል። ትል ሆኖ መጀመሪያ ቅጠል ላይ፣ ቀጥሎ አፈር ውስጥ ይኖራል። ከዚያ ባለሙያዎች ፑፓ የሚሉት፣ የማይበላና የማይሄድ ነገር ይሆናል። በመጨረሻ ክንፍ አውጥቶ የእሳት እራት ሆኖ ይበራል። አራቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡላችሁ አንድ ፍጡር ናቸው ብላችሁ አትገምቱም። ከአራቱ ግንድ የሚቆርጠው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ጎረምሳ ከሆነ በኋላ። እና የተቆረጠ ችግኝ ባያችሁበት ጠዋት ነገሩ ከተጀመረ አንድ ወር ሊሞላው ነው።

እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። እናንተ ላይ እንዳይደገም ነው የምጽፈው።

ትሉን ከያዛችሁት አትግደሉት፣ ቆይ

መጀመሪያ መዳፋችሁ ላይ አስቀምጡት። አይናከስም፣ አይለበልብም። ወዲያው ጭንቅላቱን ከጭራው ጋር ለማገናኘት የፈለገ ይመስል ግማሽ ቀለበት ሆኖ ይጠቀለላል። እዚያው ዝም ይላል። የሞተ መስሏችሁ ብትጥሉት ትንሽ ቆይቶ ተፈትቶ አፈር ውስጥ ይገባል።

አሁን ጀርባውን እዩት። ከግራጫ እስከ ጥቁር ነው። መሃል ጀርባው ላይ ትንሽ ፈዘዝ ያለ መስመር ሊኖር ይችላል፤ ጎልቶ የሚታይ ጌጥ ግን የለውም። ሆዱ ከጀርባው ይነጣል። ቆዳው ቅባት የተቀባ ይመስላል፤ ፀጉር የለበትም ማለት ይቻላል። ስልካችሁን አቅርባችሁ ፎቶ ብታነሱትና ብታጎሉት ሌላ ነገር ታያላችሁ። ያ ለስላሳ የመሰለ ቆዳ በጥቃቅን ጥቁር ፍሬዎች ተሞልቷል፤ አንዱ ተለቅ፣ አንዱ አነስ ያለ፣ ልክ እንደ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት። በእያንዳንዱ የሰውነት ክፍል ጀርባ ላይም አራት ጥቁር እብጠቶች አሉ። ከፊት ያሉት ሁለቱ ያንሳሉ፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ይበልጣሉ። እኔ ለመለየት በጣም የጠቀመኝ ይሄ ነው። ጨለማ ውስጥ ያነሳሁትን ብዥ ያለ ፎቶ በቴሌግራም የላክሁለት የግብርና ባለሙያ ጓደኛዬም «ጀርባውን አሳየኝ» ነበር ያለኝ።

እግሩን ደግሞ ቁጠሩ። ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ሦስት ጥንድ ሹል እግሮች አሉ። መሃል ላይ አራት ጥንድ ሥጋማ እግር አለ። ጭራው ላይ አንድ ጥንድ። ይህ ቁጥር በኋላ ከሌሎች ስንለየው ይጠቅመናል።

ቁመቱ ከ4 ሳንቲ ሜትር ተኩል እስከ 5 ከሆነ፣ ማለትም ወደ ትንሿ ጣታችሁ ከተጠጋ፣ ጉልምስናውን ጨርሷል። ግን ሁልጊዜ እንዲህ ትልቅ አልነበረም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው።

ይህ ትል ሲያድግ ቆዳው አብሮት አያድግም። ሲጠበው ያወልቀዋል። በሁለት ቆዳ መጣል መካከል ያለው ጊዜ እንደ አንድ ዕድሜ ይቆጠራል። ብዙውን ጊዜ ስድስት ወይም ሰባት ዕድሜ ያሳልፋል፤ እንደ ምግቡና እንደ ሙቀቱ ከአምስት እስከ ዘጠኝም ይደርሳል። በመጀመሪያው ዕድሜ ቁመቱ 3 ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በሦስተኛው 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ ቀንም ሌሊትም ቅጠል ላይ ነው፤ ከአፈር ጋር ገና አልተዋወቀም። ሥራው ቅጠል መፋቅና መብሳት ነው። መርፌ የወጋው የሚመስል ቀዳዳ ዝቅ ባለው ቅጠል ላይ፣ በተለይም አረሙ ላይ፣ ካያችሁ ያን ጊዜ ነው መጠርጠር።

በአራተኛው ዕድሜ ጠባዩ ይለወጣል። ቁመቱ 1 ሳንቲ ሜትር ደርሶ ማለፍ ሲጀምር ብርሃን ይጠላል። ቀን አፈር ውስጥ፣ ጓል ሥር፣ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል። ሲመሽ ይወጣል። ግንድ መቁረጥ የሚጀምረውም ከዚህ በኋላ ነው።

አሁን አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። አንድ ትል በሕይወቱ ከሚበላው ቅጠል ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነውን የሚበላው በመጨረሻው ዕድሜው ነው። ከሱ በፊት ባለው ዕድሜ ደግሞ 10 በመቶ ያህሉን። ቅጠሉን ሲለኩት ጠቅላላው ከ400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ይህ ማለት ለሁለትና ሦስት ሳምንት እዚያው ነበር፣ ይበላ ነበር፣ እናንተ ግን ምንም አላያችሁም። ከዚያ በአንድ ሌሊት አምስት ችግኝ! ድንገት የመጣ ይመስላል። አልመጣም። አደገ እንጂ።

ሌላው የሚያናድደው አባካኝነቱ ነው። አንዱን ይቆርጣል፣ ትንሽ ይቀምሳል፣ ትቶት ወደ ሚቀጥለው ያልፋል። በአንድ ሌሊት አንዱ ትል ብዙ ችግኝ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ አምስት የተቆረጠ ችግኝ አምስት ትል ማለት አይደለም። እኔ ያን ጠዋት አምስቱንም ቆፍሬ ያገኘሁት ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱም ለየብቻ ነበሩ፤ እርስ በርሳቸው ስለሚበላሉ አብረው አያድሩም።

ትልቁ ትል ግንዱ የጠነከረ ተክል ካጋጠመው አይጥለውም፤ ጎኑን ይግጠዋል። ያ ተክል ጠዋት ደህና መስሎ ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ድንችና ካሮት ላይ ደግሞ፣ በተለይ ሴጌተም የሚባለው፣ ወደ ታች ወርዶ ፍሬውንና ሥሩን ይቦረቡራል።

እሱ ያልሆኑት

ከተቆረጠው ችግኝ ሥር የተገኘ ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። በየገበያው የምሰማው ስህተት ስለሚበዛ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ነጭ፣ ወፍራም፣ ቡናማ ጭንቅላት ያለው ትል ካገኛችሁ እሱ የጢንዚዛ ልጅ ነው። ፍግ ስትገለብጡ የምታገኙት ያው ነው። እሱም ይጠቀለላል፤ ሰው የሚሳሳተውም ለዚህ ነው። ግን እግሩን ቁጠሩት፦ ከፊት ካሉት ስድስት እግሮች ሌላ የለውም። ሥር ይበላል እንጂ ግንድ ከላይ አይቆርጥም።

ቀን በፀሐይ፣ በብዛት ሆኖ፣ ሣርና ጤፍ እየላጨ የሚሄድ ጥቁር ትል ካያችሁ ተምች ነው። ተምች የሣርና የእህል ወዳጅ ነው፤ ከቲማቲማችሁ ጋር ጉዳይ የለውም። ቆራጭ ትል እንደሱ በሰልፍ አይሄድም።

በ2009 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ መግባቱ የተረጋገጠው የአሜሪካ መጤ ተምች ደግሞ በቆሎ ላይ ከቆራጭ ትል ጋር ይምታታል፤ አንዳንዴ እሱም ለጋ በቆሎ ከሥር ይቆርጣልና። ግንባሩን እዩት። የተገለበጠ የፈረንጅ ‹ዋይ› አለው፤ በእኛ ፊደል ብትሉት ‹ለ› አናቱ ላይ ዘንግ ወጥቶለት ማለት ነው። ወደ ጭራው ደግሞ አራት ጥቁር ነጥቦች እንደ ጠረጴዛ እግር አራት ማዕዘን ሠርተው ይታያሉ። እነዚህ ሁለቱ ጎልተው ካሉ መጤው ነው።

ሽንብራ ላይ ፍሬውን በስቶ ጭንቅላቱን ወደ ውስጥ የከተተ ትል ጓይ ትል ነው። እሱ ተክሉ ላይ ይውላል ያድራል፤ የሚመጣውም ሽንብራው ሲያፈራ ነው። ቆራጩ ግን ሽንብራው ገና በለጋነቱ ነው የሚደርስበት።

ትል እንኳ ያልሆነ አንድ አታላይ አለ። የችግኝ ግንድ አፈሩ ጋ ሲደርስ ቀጥኖ፣ ቡናማ ሆኖ፣ ውኃ የጠጣ መስሎ ይወድቃል። ይህ የፈንገስ በሽታ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ችግኙን ሳብ አድርጉት። የበሰበሰው ሥሩን ይዞ ወይም እየተላጠ ይመጣል። ቆራጭ ትል የጎበኘው ግን ተለይቶ ነው የሚገኘው፤ ቁርጡም ንጹሕ ነው፣ ወይም ጥርስ ያረፈበት ይመስላል።

ወደ ኋላ ስንቆጥር

አሁን ያን ወፍራም ትል ይዘን ወደ ኋላ እንቁጠር። የትልነት ዘመኑ ከ20 እስከ 40 ቀን ነው። ከዚያ በፊት እንቁላል ሆኖ ከ3 እስከ 6 ቀን ቆይቷል። እኔ ትሉን ያገኘሁት ኅዳር 20 ገደማ ነው። ወደ ኋላ አንድ ወር ብንሄድ ጥቅምት 20 አካባቢ እንደርሳለን። ጥቅምት 20 ጓሮዬ ምን ነበር? አረም! ክረምቱ ያወጣው አረም እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። እኔ ደግሞ ሥራ ሲበዛብኝ «ተከላው ሲደርስ አጸዳዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ያጸዳሁት ከተከላው ሁለት ቀን ቀድሜ ነው።

የሆነው እንግዲህ ይሄ ነው። የእሳት እራቷ አረሙ ላይ እንቁላሏን ጣለች። ትሎቹ አረሙን እየበሉ አደጉ። ልክ ሊጎለምሱ ሲሉ እኔ መጥቼ ምግባቸውን ነቅዬ ጣልኩ። በሁለተኛው ቀን በምትኩ 36 ለስላሳ ቲማቲም አቀረብኩላቸው። ምን ያድርጉ?

እንቁላሉን በዓይናችሁ ማየት ትፈልጋላችሁ? ከጤፍ ፍሬ ያንሳል፤ ወርዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ክብ ሆኖ ከሥሩ በትንሹ ጠፍጠፍ ያለ ነው። ዙሪያውን ከአናቱ ወደ ታች የሚወርዱ ከ35 እስከ 40 የሚሆኑ ጥቃቅን መስመሮች አሉት፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩት ትንሽዬ ዱባ ነው። ሲጣል ነጭ ነው። ሲቆይ ቡናማ ይሆናል። አንድ በአንድ ወይም ጥቂት ጥቂት ሆኖ ዝቅ ያለ ቅጠል ላይ ይጣላል። የመጤው ተምች እንቁላል ግን ተከማችቶ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሶ ነው የሚገኘው። አንዷ የቆራጭ ትል እናት ከ1,200 እስከ 1,900 እንቁላል ልትጥል ትችላለች።

እውነቱን ለመናገር እንቁላል ፍለጋ ማሳ ውስጥ መንበርከክ አያዋጣም። እኔ አንድ ጊዜ ሞክሬው ወገቤን ብቻ ነው ያተረፍኩት። የሚያዋጣው ቦታውን ማወቅ ነው። እናቲቱ ባዶ አፈር አትወድም። አረም የበዛበት፣ ዝቅ ያለና እርጥበት የያዘ፣ ያለፈው ሰብል ቅሪት ያልተነሳበት ቦታ ትመርጣለች። ማሳችሁ እንዲህ ከሆነ እንቁላሉ አለ ብላችሁ ገምቱ። መሬቱን ከተከላው ሁለት ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ማጽዳት የሚመከረውም ለዚህ ነው፤ የተፈለፈለው ሳይጎለምስ በረሃብ እንዲያልቅ።

ፑፓ፣ ወይም የእኔ ውርደት

ካቻምና ጎመን ነበር የተከልኩት። ያኔ ይህን ሁሉ አላውቅም። መቁረጥ ሲጀምር ከአንድ ሱቅ ኬሚካል ገዛሁ። ሻጩ «ሁሉንም ትል ይጨርሳል» አለኝ። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወጥታ፣ ትሎቹ አፈር ውስጥ ተሸፋፍነው በተኙበት ሰዓት ቅጠል ላይ ረጨሁ። መቁረጡ ቀጠለ። ከሳምንት በኋላ ደገምኩት። ይኸውላችሁ በሁለተኛው ርጭት ማግስት መቁረጡ ቀጥ አለ! ለሰው ሁሉ አወራሁ። «መድገም ነው ዘዴው» እያልኩ ምክር ሰጠሁ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ለእኔ ነው። ትሎቹ አልሞቱም። ጠግበው፣ ዕድሜያቸውን ጨርሰው፣ ወደ ታች ወርደው ፑፓ ሆነዋል። ይህን ያወቅኩት የሞቱትን ጎመኖች ቦታ ስኮተኩት ነው። ከአንድ ጣት ጥልቀት ትንሽ አለፍ ብሎ አንድ ቡናማ ነገር ወጣ። መልኩም ቅርጹም የቴምር ፍሬ ነው። የቴምር ፍሬ መስሎኝ ልጥለው ስል ጭራው ተወዛወዘ። ደነገጥኩ።

ፑፓ እንዲህ ነው። ከ17 እስከ 22 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ነው። ቡናማ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጠንከር ያለ። እግር የለውም፣ አፍ የለውም። በአንዱ በኩል የታጠፈ የክንፍ ቅርጽ ከቆዳው ሥር ይታያል። በሌላው በኩል ጫፉ ላይ ሁለት አጫጭር እሾሆች አሉ። ሲነኩት ከወገቡ በታች ያለው ክፍል ይዟዟራል። እንደ ሐር ትል ክር ፈትሎ አይጠቀለልም፤ አፈሩን ጠቅጥቆ ትንሽ ክፍል ይሠራል፣ እዚያ ይተኛል። ጥልቀቱ ከ3 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚቆየው ከ12 እስከ 20 ቀን። በዚህ ጊዜ አይበላም። ቅጠል ላይ የረጫችሁት ነገር አይደርስበትም።

የሚደርስበት ዶማና ማረሻ ነው። አፈሩ ሲገለበጥ ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ወፍ ይለቅመዋል። በሬ ተከትላ የምትሄደው ያቺ ነጭ ወፍ ዝም ብላ አይደለም የምትሄደው። የእማማ ዶሮዎችም ስኮተኩት ቆመው ይጠብቁኛል።

ክንፍ ያወጣው

በአማርኛ የእሳት እራት የሚለውን ስም ያወጣ ሰው ሊመሰገን ይገባል። መብራት አይታ ትመጣለች፣ ትዞራለች፣ ትገባበታለች። የቆራጭ ትል እናትና አባትም እንዲህ ናቸው። ማታ በረንዳ ላይ መብራት ሥር የምታዩት ሁሉ ግን እነሱ አይደሉም። ብዙ ዓይነት የእሳት እራት አለ፤ አብዛኛው ምንም አይነካም።

ስትቀመጥ እዩዋት። ክንፏን እንደ ቢራቢሮ ወደ ላይ አታቆምም። አንዱን በአንዱ ላይ ደርባ ጀርባዋ ላይ ታነጥፈዋለች፤ ጠባብና ረዘም ያለች ትመስላለች። ክንፏ ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። የፊት ክንፏ ጥቁር ቡናማ ሲሆን ወደ ጫፉ ሲሦው ገርጣ ይላል። መሃል ላይ ኩላሊት የሚመስል ምልክት አለ። ከኩላሊቱ ወደ ውጭ የሚያመለክት አንድ ጥቁር የጩቤ ጫፍ ታያላችሁ። ከክንፉ ጠርዝ በኩል ደግሞ ሁለት ሌሎች ጩቤዎች ወደሱ ዞረዋል። ሦስት ጩቤ ተፋጥጠው ማለት ነው። የኋላ ክንፏ ነጣ ያለ ነው፤ ሥሮቹ ጠቆር ብለው ይታያሉ። ወንዱ አንቴናው ማበጠሪያ ይመስላል፤ የሴቷ ክር ነው።

እሷ ራሷ ቅጠል አትነካም፤ የአበባ ወለላ ነው የምትጠጣው። እንቁላል ለመጣል ከወጣች በኋላ ከ7 እስከ 10 ቀን ትፈልጋለች። ሩቅም ትበራለች። የእናንተ ማሳ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ትል ቢገኝበት የግድ ጎረቤት አትጠርጥሩ፤ ከሌላ አገር የመጣች ልትሆን ትችላለች። ከእንቁላል እስከ እሳት እራት ጠቅላላ ጉዞው ከ35 እስከ 60 ቀን ይፈጃል። ይህን ሰፊ ልዩነት የሚያመጣው በዋናነት ሙቀቱ ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ ዳባትና ደባርቅ ያለ ገበሬ ጣና ዳር ደንቢያ ካለው ይልቅ ቀኑን ለጠጥ አድርጎ ቢቆጥር ይሻለዋል።

ደንቢያን ካነሳሁ አይቀር ሽንብራውን ልጨምር። እዚያ ሽንብራ የሚዘራው ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ ዋልካው የያዘውን እርጥበት ተማምኖ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ያ ስንጥቅ ለቆራጭ ትል የተሠራ ቤት ነው፤ መቆፈር እንኳ አይጠበቅበትም። የአጎቴ ልጅ ሽንብራው ሲሳሳ «ወፍ ነው» ብሎ ልጆች ሲያስጠብቅ ሰነበተ። ልጆቹ ቀን ጠበቁ፣ ትሉ ሌሊት በላ። በኋላ ስንጥቆቹን በእንጨት ፈልቀቅ ሲያደርግ ነው ያገኛቸው።

እንግዲህ ምን ይደረግ

ዕድሜውን ካወቃችሁ ሥራው ራሱ ይነግራችኋል። አብዛኛውን በየቦታው ስላነሳሁት የቀረውን ላንሳ።

ትልቁ ትል ላይ እጅ የሚያህል መድኃኒት የለም። ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዛችሁ ውጡ፤ የስልክ መብራትም ይበቃል። ወይም ጠዋት በተቆረጠው ችግኝ ዙሪያ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ጫሩ። ማታ እርጥብ አረም ከምራችሁ ወይም ጣውላ አስቀምጣችሁ ብታድሩ ጠዋት ከሥሩ ታገኙታላችሁ። ፉርሽካ በስኳር ውኃ አሽቶ ማታ ትንሽ ትንሽ ማስቀመጥም ይስበዋል። ፉርሽካው ላይ መርዝ የሚጨምሩ አሉ። ዶሮ ባለበት ጓሮ እኔ አላደርገውም። ከእማማ ጋር መጣላት አልፈልግም።

ለጓሮ የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ። ባዶ ሃይላንድ ውሰዱና ከላይም ከታችም ቆርጣችሁ ቀለበት አድርጉት። ችግኙን በመሃል አስገቡና ቀለበቱን 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈር ትከሉት፤ ከላይ አንድ አራት ጣት ይቅር። ትሉ ግንዱን ለመቁረጥ መድረስ አለበት፤ ፕላስቲኩ ይከለክለዋል። ለአንድ ሄክታር አይሆንም፣ ለ36 ቲማቲም ግን ይሆናል። ከመትከላችሁ በፊት ግን ቀለበቱ ውስጥ ያለውን አፈር ፈትሹ። አለበለዚያ ትሉን ከምግቡ ጋር ቆልፋችሁበት ታድራላችሁ። አንዱ ላይ ደርሶብኛል።

መስኖ ያላችሁ ደግሞ ውኃ በደንብ ስትለቁ ትሎቹ ትንፋሽ አጥሯቸው ወደ ላይ ይወጣሉ። ያኔ ዶሮና ወፍ ቀሪውን ይሠራሉ።

ኬሚካል የግድ ከሆነ ትንሹን ትል፣ ገና ቅጠል ላይ ያለውን ነው ማግኘት ያለባችሁ። ትልቁን ከሆነም ማታ፣ እሱ በሚወጣበት ሰዓት፣ ከግንዱ ሥር። የትኛው ኬሚካል፣ ስንት መጠን የሚለውን የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ጠይቁ እንጂ ሱቁን አትጠይቁ። ሲሄዱ ትሉን በብልቃጥ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይበልጣል።

የተረፉት 31 ቲማቲሞች ቀለበት ገብቶላቸው ከዚያ በኋላ አንድ ብቻ ነው የጠፋብኝ። እሱም ከትሉ ጋር የቆለፍኩት ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እማማ የራሳቸውን መደብ ለሽንኩርት ሲኮተኩቱ ጠሩኝ። መዳፋቸው ላይ የቴምር ፍሬ የመሰለች ነገር አለች። በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። ጭራዋ ተወዛወዘ።

«ይቺ እንግዲህ አሁን አትበላም» አሉ። «ስንት ቀን ቀርቷታል ማለት ነው?»

«ቢበዛ ሃያ።»

ዞር አሉና ለዶሮዎቹ ወረወሩላቸው።